የጀልባዋ የፊት ወንበር

ሰኞ፣ ኦገስት 5

አስተማሪያችን ወይዘሮ ቶሊቨር በየቀኑ ጻፉ ብላናለች። ምን እንጻፍ ስንላት፣ የሆናችሁትን አለች። እኔ የሆንኩት ብዙ ነው፤ ደብተሩ ይበቃ እንደሆነ እንጃ።

ስሜ በርል ሃቼት ነው። ይህን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የማታ ትምህርት ከጀመርነው ሁሉ ማንበብ ቀድሜ የቻልኩ እኔ ነኝ። አብሮኝ የጀመረው የዶሮ ፋብሪካው ሰውዬ እስከ ዛሬ «ዶሮ» የሚለው ቃል ላይ ነው ይባላል። ያስባልኩት እኔ ነኝ።

እንጀራዬ የእንጨት መሰንጠቂያው ቤት ውስጥ ግንድ ማገላበጥ ነው። ሙያዬ ግን ሌላ ነው፤ ባስ ማጥመድ፣ ያውም በላስቲክ ትል። ባስ አፉ ባልዲ የሚያህል ዓሣ ነው። ትሉን ሲወስድ ግን አይጎትትም፣ አይታገልም። ክሩ ላይ የሚሰማህ በር የሚያንኳኳ ዓይን አፋር እንግዳ ነው፤ ቱክ፣ ቱክ፣ አለቀ። ያችን ካልሰማህ ላስቲክ መሆኑን አውቆ ይተፋዋል፣ አንተም ቀኑን ሙሉ ውሃ ስታጥብ ትውላለህ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ክሩን በሌባ ጣቴ ላይ አሳርፌ፣ ትሉ ድንጋይ ነካ ወይስ ጉቶ፣ ዓሣው ቀመሰው ወይስ አሸተተው፣ እለያለሁ። የማጥመድ ክለባችን ተፎካካሪዬ ጋርላንድ ስፓይቪ እንኳ «በርል ዓሣ ሲያዛጋ ይሰማዋል» ብሎ መስክሮልኛል። እርግጥ ተናዶ ነው የተናገረው፤ ያሸነፍኩት ዕለት ነበር።

ጀልባዋ የዌንደል ናት። ዌንደል የሚስቴ የኔልዳ ወንድም ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ይጠግናል፣ በዓመት አንዴ ይናገራል። ጀልባዋ የሱ ትሁን እንጂ ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። ከፊት ያለው ትንሿን ሞተር በእግሩ እየነዳ ማንም ያልነካውን ውሃ ቀድሞ ይመታል። ከኋላ ያለው ትራፊ ይለቅማል። የተጻፈ ደንብ የለውም፣ ልማድ ነው፤ የፊት ወንበር ለተሻለው ነው። ዌንደል ይህን ሁሉ ዓመት ከኋላዬ ተቀምጦ አንድም ቀን አላጉረመረመም። እውነቱን ያውቃላ።

በኦክቶበር መጨረሻ የክለቡ ዋንጫ ጨዋታ አለ፤ ሁለት ሁለት ሆነን በየጀልባው። ዋንጫው አሁን ያለው እኔ ፍሪጅ ላይ ነው። ከዚያ የትም አይሄድም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 8

ከሥራ ወደ ሐይቁ። ምንም። ሙቀት ነው። የኔልዳን ጣፋጭ ሻይ እስከ አተላው ጨረስኩት፤ አሁንም ይጠማኛል። ክሩ አርጅቷል። እቀይራለሁ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 14

ክሩን ቀየርኩ። ዘንጉንም ቀየርኩ። ሐይቁን መቀየር ነው የቀረኝ።

ዌንደል ከኋላ ተቀምጦ ያዘ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። እኔ አልፌ በሄድኩበት ውሃ። አስረዳሁት፤ የኔ ትል ዓሣውን ይቀሰቅሰዋል፣ ያንተ ደግሞ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያፋሽግ ይደርስለታል። «ይሆናል» አለ። ቶሎ ቶሎ ሽንቴ ስለመጣ ደጋግመን ዳር ያዝን። በመጨረሻ ዌንደል፣ ዘንድሮ ዝናብ ባይጥልም ሐይቁ አይጎድልም አለ። የዓመቱን ንግግሩን በኔ ላይ ጨረሰ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 17

ሱቅ የሚሸጠውን ትል ሰነፍ ይግዛው። እኔ ላስቲኩን በኔልዳ አሮጌ ድስት አቅልጬ፣ ቀለም በጥብጬ፣ የብረት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ እገለብጠዋለሁ። ዛሬ የሠራሁት የወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ ጅራቱ ላይ ትንሽ ሰማያዊ። ካልተጠነቀቅሁ እኔው ልበላው እችላለሁ፣ እንዲህ ያምራል።

በመሐል ኔልዳ ከሳሎን ሆና ምንድነው የሚሸተው አለች። ላስቲኩ ነው አልኳት። ላስቲክ እንዲህ አይሸትም ብላ መጣችና እጄን ይዛ ከብረቱ ላይ አነሳችው። የሸተተው ጣቴ ነበር።

የመሰንጠቂያ ቤት ሰው ቆዳው እንደ ግንድ ነው፣ ቅርፊት አለው አልኳት። አልሳቀችም። ድሮ እንዲህ ባለው ትስቅልኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 24

የክለቡ የወር ጨዋታ። አንድ ያዝኩ፣ ትልቅ። ችግሩ፣ ትሉን እስከ ሆዱ ውጦታል። መንጠቆውን ላወጣ ስታገል ደም በደም ሆነ፣ የጀልባዋ የዓሣ ማቆያ ገንዳ ውስጥ በጀርባው ተንሳፍፎ ቀረ። እኛ ዘንድ ዓሣ በሕይወቱ መጥቶ ተመዝኖ ይለቀቃል፤ የሞተ ካመጣህ ከሚዛኑ ይቀነስብሃል፣ ሰውም ያይሃል።

ጋርላንድ አየኝ። የዓሣውን አፍ ከፍቶ እስከ ጉሮሮው አጮለቀና፣ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «በርል፣ ይሄን አንተ አልያዝከውም። እራቱን በልቶ፣ እስክትነቃ ቁጭ ብሎ ጠብቆህ ነው» አለ።

ሰው ሳቀ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ትሌ ስለጣፈጠው ነው፣ ያንተን እኮ የሚተፉት ወደው አይደለም አልኩት። መልሴ ጥሩ ነበር። ቤት ስመለስ ግን ሌላ የተሻለ መልስ ስፈልግ አመሸሁ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 27

እግሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል። ሳየው ጉንዳን የለም። ጫማው ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2

የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ከመደርደሪያው ኋላ ቆሜ የትል ከረጢት ሳነብ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሥዕሉን እያየሁ ስገዛ ኖሬ፣ አሁን የእያንዳንዱን ቀለም ስም አነብባለሁ። ግማሹ ውሸት ነው። «የእኩለ ሌሊት ወይን» የሚሉት ተራ ጥቁር ነው።

ጋርላንድና ዌንደል ገቡ፤ አላዩኝም። ጋርላንድ፣ ለዋንጫው ከኔ ጋር ውጣ፣ ጀልባዬ አዲስ ናት፣ ሰውዬው አልቆለታል፣ እስከ መቼ ታዝለዋለህ እያለ ይለማመጠዋል።  ዌንደል፣ ሐይቁ ነው ዘንድሮ የከፋው፣ እኔም አልያዝኩም አለው።

እውነቱን ነው። ከያዘ ሰነበተ። ትናንት ምክንያቱን አገኘሁት፤ ዘንጉን ላቀብለው ሳነሳ ትሉ ውስጥ መንጠቆ የለም። ባዶ ላስቲክ ክር ላይ አስሮ ቀኑን ሙሉ ሲወረውር ነው የዋለው። እስኪያመኝ ሳቅሁ። ዌንደልም ቀይ ሆኖ፣ ረስቼ ነው አለ። ባለፈው ሳምንትም ረስቶ ከሆነ አልጠየቅሁትም። ማርጀት ክፉ ነው። ታናሼ ነው ደግሞ።

ከመደርደሪያው ኋላ ወጥቼ ሁለቱንም ሰላም አልኳቸው፤ ጋርላንድን ሞቅ አድርጌ። ምንም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ዘመዴ ነው።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 11

ዛሬ በክፍል ውስጥ ከዓሣ መጽሔት ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጽሑፉ፣ በላስቲክ ትል የምታጠምዱ ጣታችሁን ብቻ አትመኑ፣ ክሩን በዓይናችሁ ተከታተሉ፣ ዓሣው ሲወስደው ክሩ ወደ ጎን ይሄዳል ወይም ይጎብጣል ይላል። አንብቤ ስጨርስ፣ ይሄ ሰው ጣት የለውም አልኩ። ወይዘሮ ቶሊቨር፣ «ሚስተር በርል፣ ባለፈው ዓመት ቢሆን ይህን ሰው ሊሰድቡት አይችሉም ነበር» አለችኝ። ልክ ናት። ድሮ መጽሐፍ የሚለውን ስለማላውቅ አከብረው ነበር።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14

ከሐይቁ መልስ ጫማዬን ሳወልቅ ኔልዳ አፏን ያዘች። ካልሲው በደም ርሷል። የሸራ ጫማዬን ሶል በስቶ መንጠቆ እግሬ ውስጥ ገብቷል፤ ትሉም እንዳለ አለበት። የወይን ጠጅ ቀለም፣ ጅራቱ ሰማያዊ። የራሴ ሥራ።

ከመቼ ጀምሮ ነው አለች። ከምሳ በኋላ ይመስለኛል አልኳት፤ ከጠዋትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ወር የተያዘ ትልቁ ባስ እኔ ነኝ፣ ሚዛን አምጪ አልኳት። ሙቅ ውሃ ይዛ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መንጠቆውን በጉጠት ስታወጣ ፊቴን ታያለች፤ እያመመኝ እንደሆነ ለማየት። እኔ የቴሌቪዥኑን ኳስ እያየሁ ነበር።

«እናትህን አስባት» አለች።

እናቴ ስኳር ነበረባት። መጀመሪያ ጣቷን፣ ከዚያ እግሯን፣ ከዚያ ሌላውን ወሰዱባት። እስከ መጨረሻው ስትቀልድ ነበር፤ ዘንድሮስ የጫማ ወጪ ቀረልኝ ትል ነበር። ሰው ሁሉ በቀልድ እሷን ነው የወጣኸው ይለኛል። በቀልድ ብቻ።

ከዋንጫው በኋላ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ ብዬ ማልኩላት። አሁን ከሄድኩ እግርህን አንሥተህ ተኛ ይሉኛል፤ የፊት ወንበሩን ሞተር የሚነዳው ደግሞ እግር ነው። ይህን አልነገርኳትም። እሷ ግን የዓሣ አጥማጅ እህት ናት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 28

ዌንደል ሳይጠይቀኝ የዘንጌ ክር መጠቅለያ ላይ አዲስ ክር ጠቅልሎልኛል። ቢጫ። ከሩቅ የሚታይ፣ የመንገድ ሠራተኛ ሰደርያ የመሰለ ቢጫ። ዓሣው አይቶ በሳቅ እንዲሞት ነው ወይ አልኩት። ዓይኔ ደክሟል፣ በርካሽ አግኝቼው ለሁለታችንም ገዛሁ አለ። የሱ መጠቅለያ ላይ ያለው ግን የድሮው ነው።

ከሰዓት በኋላ ከኋላዬ በቀስታ «ሳብ» አለ። ሳብኩ። ዓሣ ነበረበት። ልስበው ስል ነው የቀደምከኝ፣ እያስላመጥኩት ነበር አልኩት። እሺ አለ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

ቁስሉ አልደረቀም። ኔልዳ ማታ ማታ ታጥበዋለች። ሻዩ ስኳር የለውም። ማን ሰረቀው ብላት፣ እኔ አለች። በመሰንጠቂያው ቤት ከለስላሳ መሸጫው ማሽን ሦስት ጠጣሁ። እልህ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

ዋንጫው። ሁሉንም በሥርዓቱ ልጻፈው፤ ሰው ነገ ሌላ ያወራል።

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ጉም ነበር፣ ግድቡ ሲሠራ ውሃ የዋጣቸው ዛፎች ጫፋቸው ብቻ ይታያል። ቁስሌን በሁለት ካልሲ ጠቅልዬ ከፊት ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ክሩ ላይ አሳረፍኩ። ትሉን ወረወርኩ፣ አንፏቀቅኩት፣ ጠበቅኩ። ከታች ምንም አልመጣም። ጸጥታ እንኳ አይደለም፤ ጸጥታ ይሰማል። በሌላ ሰው ጣት የማጠምድ ያህል ነው።

ከኋላዬ፣ «ሳብ።»

ሳብኩ፤ አለ። ጥሩ ዓሣ። ቆይቶ ደግሞ፣ «በርል፣ ሂድበት።» ሳብኩ፤ አለ። እንዲህ እንዲህ እያልን ገንዳችን ሞላ። በያንዳንዱ፣ አውቄያለሁ፣ አውቄያለሁ እላለሁ። አንዴ ምንም ሳይለኝ በራሴ ሳብኩ፣ ተሰምቶኛል ብዬ። ጉቶ ነበር። ጉቶውን እየታገልኩ፣ ይሄ የሐይቁ ንጉሥ ነው ብዬ ጮህኩ። ዌንደል ጀልባዋን አዞረና መንጠቆዬን አላቀቀልኝ።

በሚዛኑ ጋርላንድ በለጠን። በትንሽ ነው፤ በአንዲት ዓሣ ጅራት። ገንዳው ውስጥ የነበሩት ሁሉ የኔ ናቸው፤ የዌንደል አንድ እንኳ የለም። ሰው ተሰብስቦ ጀርባዬን መታ መታ ሲያደርገኝ፣ ምን ላድርግ፣ ብቻዬን ነው የተጫወትኩት አልኳቸው። ዌንደል አጠገቤ ቆሞ ነበር። ራሱን ነቀነቀ፣ እውነቱን ነው እንደማለት።

ጀልባዋን ተጎታቹ ላይ ጭነን፣ ገመዱን እያሰረ፣ ሳያየኝ ተናገረ።

«ዛሬ ትሌን ውሃ ውስጥ አልጣልኩትም።»

ረሳህ እንዴ ልል ነበር።

«ቀኑን ሙሉ የምመለከተው ያንተን ክር ነው። ሁሉንም ሳብ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ በርል።»

ዝም ብትል እኔው እደርስበት ነበር አልኩት። ገመዱን ጨርሶ ቀና አለ።

«እህቴ ማታ ማታ እየደወለች ታለቅስብኛለች። ወይ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ፣ ወይ ለሚመጣው ዓመት ለጋርላንድ እሺ እለዋለሁ። ዓሣ ሳብ እልሃለሁ። እግርህ ሲቆረጥ ግን ቁጭ ብዬ አላይም።»

ቀልድ ፈለግሁ። ሁልጊዜ አንድ አለኝ፣ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ቢላዋ። ዛሬ እጄን ሰደድኩ፣ የለም። ቤት እስክንደርስ ሬዲዮ ሰማን። ኔልዳ ዋንጫው የት አለ ሳትለኝ ፍሪጁ ላይ ያለውን አንሥታ ለዌንደል ሰጠችው፣ ለጋርላንድ እንዲያደርስ። ቦታው ላይ የአቧራ ክብ ቀርቷል። በጣቴ አበስኩት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 29

ሐኪም ቤት። ኔልዳ ነዳች።

መጠበቂያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ሌላው ሰው ስልኩን ያያል፣ እኔ አነብባለሁ። ብዙ ጥማት። ሽንት ቶሎ ቶሎ። የማይድን ቁስል። የእጅና የእግር መደንዘዝ። ከዚህ ደብተር የገለበጡት ይመስላል። ኔልዳ ምን ይላል አለችኝ፤ ማንበብ ከኔ ቀድማ ነው የምታውቀው። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ እዚሁ አካባቢ ያደገች፣ አባቷን አውቀዋለሁ፣ ማጥመድ አይችልም። ጣቴን ወግታ ደም ወሰደች፤ ቁጥሩን ስታይ ማሽኑን እንደገና ሞከረችው። ከዚያ ካልሲዬን አውልቃ አንድ ነገር ከኪሷ አወጣች። ትንሽ እጀታ ላይ የተተከለ ጠንካራ ክር። ናይለን። ሳቄ መጣ። ልጄ፣ ይሄን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስወረውረው ነው የኖርኩት፣ ስንት ፓውንድ ይይዛል አልኳት። አላወቀችም። ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ክሩ እግርዎን ሲነካዎት አዎ ይበሉ አለችኝ።

ዓይን መጨፈን። ክር። መጠበቅ። በዓለም ላይ ለዚህ ፈተና ከኔ የተሻለ ሰው አልተፈጠረም።

ጨፈንኩ። ትንሽ ቆየሁና «አዎ» አልኩ። ትንሽ ቆየሁና፣ «አዎ።» ከዚያ ሞቅ አድርጌ፣ «አዎ፣ እሱ ደግሞ አውራ ጣቴ ነው።»

«ሚስተር በርል፣ ገና አልጀመርኩም» አለች።

ኔልዳ አልሳቀችም። እኔም። ከዚህ በኋላ እውነቴን ነው የጠበቅኩት። ዌንደል ከኋላዬ እንደሌለ ታውቆኛል። ጆሮዬን፣ ቆዳዬን፣ ያለኝን ሁሉ ወደ ታች ላክሁ። ግድግዳው ላይ ሰዓት ይመታል። ነርሷ ትተነፍሳለች። ኔልዳ አፍንጫዋን ሳበች።

ዓይኔን ከፈትኩ።

ክሩ እግሬ ላይ ነበር። ተጭኖ ጎብጧል፤ ዓሣ አፉ ውስጥ ይዞት ሲሄድ እንደሚጎብጠው። መጽሔቱ ላይ እንደተጻፈው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ሻዩ ስኳር የለውም፤ ጭቃ ነው ብዬ እጠጣዋለሁ። ቁስሉ ዳር ዳሩ መድረቅ ጀምሯል፣ ሐኪሙ እግሩ ይተርፋል ብሏል። ስለ ጣቶቼ ምንም ቃል አልገባም። ወይዘሮ ቶሊቨር አሁንም ይጻፉ ብላ ሁለተኛ ደብተር ሰጥታኛለች፤ ለዶሮው ሰውዬ አልሰጠችም።

ጠዋት ዌንደል መጣ። ኔልዳ ወፍራም ጫማ አድርጌ እንደሆነ ጎንበስ ብላ አየች፣ ከዚያ ለቀቀችን። ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትወርድ እኔ ቀድሜ ገባሁና የፊቱን ወንበር አልፌ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዌንደል ዳር ላይ ቆሞ ጥቂት አየኝ። እግሬን ማሳረፍ አለብኝ፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው አልኩት። አልፎኝ ከፊት ተቀመጠ። የሱ ትል ውስጥ ዛሬ መንጠቆ አለ። አይቻለሁ። ሁለት ወዲያው ያዘ፤ ለካ ማጥመድ ያውቃል ሰውዬው።

ከኋላ ውሃው ሌላ ነው። የሰው ጀርባ ታያለህ፣ ትራፊ ትለቅማለህ። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ከፊት ያለው ሰው ፊቱ ወደ ፊት ነው። ክርህን አያይልህም። ሳብ የሚልህ የለም።

ትሌን ጉቶዎቹ መሐል ጣልኩት። ዓይኔን ልጨፍን ነበር፣ ልማድ ሆኖብኝ። ከፈትኩት። ቢጫው ክር ውሃው ላይ ተኝቷል፤ ያን ሁሉ የሰደብኩት ቢጫ። ነፋስ የለም። ክሩ ወዝወዝ አለ። ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። እጄ ላይ ምንም የለም። ጠበቅኩ። ሳብኩ።

ነበረ።

ዌንደል ዞር አለ። ዓሣው ትንሽ ነው፤ አረንጓዴ፣ መንጠቆው ከንፈሩ ጫፍ ላይ የተሰካ፣ እንደሚገባው። አንሥቼ አሳየሁት።

«ተሰማህ?» አለኝ።

«አየሁት» አልኩት።

ለቀቅነው። ወይዘሮ ቶሊቨር የሆነውን ጻፉ ስላለች ነው ትንሽ ነው ብዬ የጻፍኩት። ሰኞ መሰንጠቂያው ቤት ሳወራው ትልቅ ይሆናል።